ዝም ያልሁባቸው ሰባት ወራት

(በደጋፊዎቻችን ስብሰባ ላይ አንዲት የቤተ ክርስቲያን የልማት ሠራተኛ ካደረጉት ንግግር)



ከዚህ ቀደም በፊታችሁ የቆምሁት ስለ ምንጭ ማጎልበትና ስለ ዘር ብድር ለመናገር ነበር። ዛሬ የምናገረው ስለ ጡት ነው። ቃሉ በእንዲህ ያለ ጉባኤ ሲነገር ለጆሮ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ አንዳንድ አባቶች አንገታቸውን ሲደፉም አያለሁ። እኔም ይህን ቃል ከአፌ ለማውጣት ሰባት ወር ፈጅቶብኛል።

ዕድሜዬ 31 ነበር። ሁለተኛ ልጄን ጡት ካስጣልሁ ብዙም ሳይቆይ፣ ገላዬን ስታጠብ በግራ ጡቴ ውስጥ ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር በእጄ ዳሰስሁ። አታምም። የማያም ነገር ደግሞ በሽታ አይመስልም። አማቴ «ወተት ቋጥሮ ነው» አሉኝ። በአቅራቢያችን የነበረ አንድ ክሊኒክም ይህንኑ ተናግሮ በሙቅ ውኃ እንድተኩሰው መከረኝ፤ ለካንሰር ገና ልጅ ነሽ ተባልሁ። ለባለቤቴ አልነገርሁትም። በጸሎት ኅብረታችን ልዩ ጸሎት እንዲደረግልኝ ለመንሁ፤ ስለ ምን እንደ ሆነ ግን አልገለጽሁም። ነገሩን የጠረጠረች አንዲት እኅት ሐኪም ቤት መሮጥ እምነት ማጉደል እንዳይሆንብኝ አስጠነቀቀችኝ። እርስዋን አልወቅሳትም፤ እኔ መጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ተቀምጬ መልስ አጥቼላታለሁና። መልሱ እኮ በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 20 ላይ ነበር። እግዚአብሔር ሕዝቅያስን እንደሚፈውሰው ከተናገረ በኋላ፣ ኢሳይያስ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዘዘ። ተስፋውም መድኃኒቱም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ነቢይ አፍ መጡ።

ሽምብራዋ እንቁላል አከለች። በብብቴም ሌላ እብጠት ወጣ። ያን ጊዜ ባለቤቴ አወቀና አለቀሰ፤ በማግሥቱም ከሶዶ ወደ አዲስ አበባ ይዞኝ መጣ።

ጡቴ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ከዚያ በየ21 ቀኑ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ተከተለ። ከመድኃኒቶቹ አንዱ እንደ ካርካዴ ቀይ ነው፤ ሽንትን ያቀላል፤ ጠጉርን ያረግፋል። ትንሿ ልጄ ራሰ በራ ሆኜ ስታየኝ አላወቀችኝም። የጨረር ሕክምናውን የወሰድሁት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ለብዙ ዓመታት በአገራችን ይህ ሕክምና የሚገኘው በዚያ ብቻ ነበር። አሁን በየቀኑ ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን እውጣለሁ።

ከእኔ ጋር በአንድ ቀን መድኃኒት የጀመረች የ28 ዓመት እናት ነበረች። ቤተሰቧ በሬ ሸጠው አምጥተዋታል። በአግዳሚው ወንበር ላይ ቀድሞ የደረሰ ለሌላው ቦታ ይይዝ ነበር። በአራተኛው ዙር ቦታ ያዝሁላት፤ አልመጣችም። መድኃኒቱ ጠፍቶ አይደለም፤ የአውቶቡስና የማደሪያ ገንዘብ አልቆባት ነው። ከፋሲካ በፊት አረፈች።

እኔ ስድን ሰዎች «ጌታ ለዓላማ አተረፈሽ» ይሉኝ ጀመር። በፍቅር እንደሚሉት አውቃለሁ፤ ነገር ግን አንጀቴን ይበላኛል። ለእርስዋ ዓላማ አልነበረውምን? የምለው ይህን ብቻ ነው፤ እርስዋ የቀረችበትን መንገድ እኔ አውቀዋለሁ፤ ያወቀ ሰው ደግሞ ዝም ማለት አይገባውም።

በማርቆስ ምዕራፍ 5 ያለችውን፣ 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችውን ሴት አስቡ። ከተፈወሰች በኋላ ተሸሽጋ መሄድ ትችል ነበር። ጌታ ግን ማን እንደ ነካው ጠየቀ፤ እርስዋም እየተንቀጠቀጠች ሁሉን ነገረችው። ስለ ሴት ደም፣ በሕዝብ ፊት! ጌታም አላፈረባትም።

ስለዚህ ከሴቶች ኅብረት ወደ ሴቶች ኅብረት እዞራለሁ። ቡና ይፈላል፤ እኔም እናገራለሁ። አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም፤ ይህን የሚለየው ግን ምርመራ እንጂ ግምት አይደለም። የጡት ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሲሰረጉድ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ሲገባ ወይም ደም ሲያወጣ፣ ሕመም ባይኖርም ፈጥኖ መታየት ያስፈልጋል። ልጅነት አያድንም፤ ማጥባትም ሙሉ በሙሉ አይከላከልም። በአንድ አጥቢያ ሽማግሌዎች «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነውና ለብቻቸው ንገሪያቸው» አሉኝ። እኔም የበሬው ሽያጭ በወንዶች እጅ እስካለ ድረስ ወንዶችም ይስሙ ብዬ አጥብቄ ለመንሁ። ደግሞም በሽታው በጥቂቱም ቢሆን ወንዶችን ይይዛል። በመጨረሻ ፈቀዱልኝ፤ ከኋላም ቆመው አዳመጡ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጀመረው ዕቅድ አንዲት ሴት ለምርመራ ከቀረበች በኋላ በ60 ቀን ውስጥ በሽታዋ ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃል። እኔ ሰባት ወር አባክኛለሁ።

አዲስ አበባ ያለች አንዲት ጉባኤ ሁለት ክፍል አውሳናለች። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የሚመጡ ሴቶች ያድሩባቸዋል፤ የአውቶቡሱም ገንዘብ ከእናንተ ስጦታ ይከፈላል። አልጋዎቹ አራት ናቸው፤ በዚህ ሳምንት ግን ስድስት ሴቶች አሉን፤ ሁለቱ መሬት ላይ ያድራሉ። ተጨማሪ ሁለት አልጋና ብርድ ልብስ ለመጠየቅ አላፍርም።

ከሴቶቹ አንዷ ዛሬ ከሰዓት በኋላ አራተኛ ዙሯን ትወስዳለች። ከተማውን ስለማታውቀው አብሬአት እሄዳለሁ። እንግዲህ ጥያቄ ካላችሁ አሁን ጠይቁኝ፤ ከምሳ በፊትም አሰናብቱኝ።