ኳስ ይዞ የሚጫወት ቡድን ከቀኝ ተመላላሹ ምን ይሻል?

(በመካኒሳ አቦ ለሰፈሩ ወጣቶችና ለአሠልጣኞቻቸው ከተደረገ ንግግር)



በመካኒሳ አቦ ቤት ሳይሠራባቸው በቀሩት ክፍት ቦታዎች ላይ ልጆች ቡድን ሲከፋፈሉ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ልማድ ሳያስተውል አይቀርም። በመጀመሪያ ግብ የሚያገቡት ይመረጣሉ፤ ቀጥሎ አብዶ የሚያውቁት፤ በመጨረሻም ማንም ያልፈለገው ልጅ ወይ በረኛ ይሆናል፥ ወይም «አንተ በቀኝ በኩል ኋላ ቁም» ይባላል። በግራ እግሩ የሚጫወት ልጅ ብርቅ ስለሆነ የግራው ቦታ ጥቂት ክብር አለው፤ የቀኙ ግን የተራፊ ቦታ ሆኖ ቆይቷል። ልማዱ ከሰፈር ሜዳ አልፎ በታዳጊ ቡድኖችም ዘንድ ይታያል። ኳስን ይዞ ለመጫወት ለሚሻ ቡድን ደግሞ ከዚህ የከፋ ጠንቅ የለም።

እንደሚታወቀው፥ በሀገራችን በአጭር ቅብብል የመጫወት ፍቅር ሥር የሰደደ ነው። ኢትዮጵያ ቡና በ2003 ዓ.ም. በውበቱ አባተ አሠልጣኝነት የሊጉን ዋንጫ ሲወስድ፥ ኋላም ከ2012 የውድድር ዘመን ጀምሮ የቀድሞ ተጫዋቹ ካሣዬ አራጌ ቡድኑን ይዞ ኳስን ከግብ ጠባቂው እግር ማስጀመርን እንደ ሃይማኖት ሲያስተምር፥ ደጋፊው በሙሉ ስለ አማካዮቹ ያወራ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ቡና ከፋሲል ከነማ ቀጥሎ ሁለተኛ በሆነበት ዓመት አቡበከር ናስር 29 ግቦች አስቆጥሯል። ስለ ግቦቹ ብዙ ተብሏል፤ ኳሷ ወደ እርሱ እስክትደርስ በየት በኩል እንደተጓዘች የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ተጋጣሚ ቡድን ጫና ለማሳደር ሲወጣ አስቀድሞ የሚዘጋው የሜዳውን መሐል ነው። ግብ ጠባቂውና ሁለቱ የመሐል ተከላካዮች ኳሷን ይዘው ቀና ሲሉ ብዙውን ጊዜ ነፃ ሆኖ የሚያገኙት ሰው በመስመሩ ላይ የቆመው ተመላላሽ ነው። ነፃ የሆነውም በስሕተት አይደለም፤ ተጋጣሚው ሆን ብሎ ትቶታል። አማካይ ተጫዋች በዙሪያው ሁሉ መውጫ አለው። ተመላላሹ ግን ያለው ግማሽ ዙር ብቻ ነው፤ በስተቀኙ ያለው የሜዳ መስመር የማይደክምና የማይታለል ተከላካይ ነውና። ስለዚህ ወጥመዱ የሚጠመደው በእርሱ ላይ ነው።

ለማኅበሩ አባላት ነገሩን በቁጥር መግለጽ ይቀላል። ከመሐል ተከላካይ ወደ ተመላላሹ የሚሄድ የ30 ሜትር ኳስ በሰከንድ 15 ሜትር ቢጓዝ በ2 ሰከንድ ይደርሳል። በሰከንድ 7 ሜትር የሚሮጥ የተጋጣሚ ክንፍ በዚህ ጊዜ ውስጥ 14 ሜትር ይጠጋል። ሜዳው ሻካራ ሆኖ የኳሷ ፍጥነት ወደ 10 ሜትር ቢወርድ ጊዜው 3 ሰከንድ፥ ርቀቱም 21 ሜትር ይሆናል። ተመላላሹ ኳሷን አቁሞ፥ ዞሮ፥ ከዚያ በኋላ ለማሰብ አንድ ሰከንድ ቢያባክን ሌላ 7 ሜትር ለባላጋራው ሰጠ ማለት ነው።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው እግር ሳይሆን አንገት ነው። ኳሷ ገና በመንገድ ላይ ሳለች ሁለት ጊዜ ዞሮ ያላየ ተጫዋች ስትደርስለት ዕውር ነው። ሁለተኛው የሰውነት አቋም ነው፤ ጀርባውን ለመስመሩ ሰጥቶ፥ ኳሷን በራቀው በቀኝ እግሩ ተቀብሎ፥ በመጀመሪያው ንክኪ ወደፊት ወይም ወደ መሐል መክፈት አለበት። በቀረበው በግራ እግሩ የሚያቆማት ልጅ ፊቱን ወደ ራሱ ግብ አዙሮ ያገኘዋል፤ ያኔ ያለው ምርጫ ወደ ኋላ መመለስ ወይም ወደ ውጭ መጠለዝ ብቻ ነው። ግራ እግሩ ጨርሶ የማይሠራ ከሆነም ወደ መሐል የሚያቀብለው ኳስ ሁሉ በባላጋራ እግር ሥር ያልፋል። ፍጥነት ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ብዙዎቹ አሠልጣኞቻችን ግን ሲመርጡ በሩጫ ይጀምራሉ።

ወደፊት ሲሄድ መቼ መሄድ እንዳለበት ማወቁ ከመሄዱ ይበልጣል። በ1962 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የብራዚሉ ቀኝ ተመላላሽ ካርሎስ አልቤርቶ በ86ኛው ደቂቃ አራተኛውን ግብ ሲያስቆጥር ያ መንገድ ባዶ የሆነለት በአጋጣሚ አልነበረም። የቀኝ ክንፉ ዣይርዚንሆ ወደ ግራ ሄዶ የኢጣሊያውን ፋኬቲን ይዞት ነበር። ካርሎስ አልቤርቶ ቀደም ብሎ ቢወጣ ቦታውን ራሱ ይዘጋው ነበር። የጀርመኑ ፊሊፕ ላም ደግሞ በባየርን ሙኒክ በጋርዲዮላ ሥር አማካይ ሆኖ ከተጫወተ በኋላ፥ በ2006 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ከፈረንሣይ ጋር ከተደረገው ሩብ ፍጻሜ ጀምሮ ወደ ቀኝ ተመላላሽነት ተመልሶ ሀገሩ ዋንጫውን አንሥታለች። ሁለቱን ቦታዎች አንድ ሰው ሊሠራቸው መቻሉ የሚያስገርም አይደለም፤ የሚጠይቁት ዕውቀት አንድ ነውና።

የሚወጣ ሰው ትቶት የሚሄደው ቦታ አለ። የውበቱ ብሔራዊ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ወደ ካሜሩን ሲሄድ ሱሌማን ሐሚድንና አስራት ቱንጆን የመሰሉ የመስመር ሰዎች ይዞ ነበር። ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ከኬፕ ቨርዴ ጋር ገና በ12ኛው ደቂቃ የመሐል ተከላካዩ ያሬድ ባየህ በቀይ ካርድ ሲወጣ አሳቡ በሙሉ ተናጋ፤ አንድ ሰው የጎደለው ቡድን ተመላላሾቹን ወደፊት ለመላክ አቅም የለውም። ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ ካሜሩንን በ4ኛው ደቂቃ ከመራ በኋላ 4 ለ 1 ተሸነፈ። ኳስ ሲነጠቅ ከተመላላሹ ጀርባ ማን እንደሚቆም አስቀድሞ ያልተወሰነለት ቡድን ቅብብሉ ምንም ያህል ቢያምር ይቀጣል። ተመላላሹ ሲወጣ የግራው ይቀራል፥ ወይም አንዱ አማካይ ወርዶ ይሸፍናል፤ ይህ በልምምድ እንጂ በጩኸት አይገኝም።

የሜዳው ነገር ሊታለፍ አይገባም። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 ስታሸንፍ «የሜዳዋ» ጨዋታ የተደረገው በማላዊ ሊሎንግዌ ነበር፤ በሀገር ውስጥ የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን መመዘኛ ያሟላ ስታዲየም አልነበረምና። ወደ ሰፈር ሲወረድ ጉዳዩ ከዚህ ይብሳል። የደቡብ አዲስ አበባ ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በዶዘር ተደልድሎ ብቻ የተተወ ሜዳ ከሁለት ክረምት በኋላ ጎርባጣ ይሆናል። የላይኛው ዋልካ ተነሥቶ በተመረጠ አፈር ካልተተካና የውሃ መውረጃ ካልተበጀለት፥ አንገቱን ቀና አድርግ የተባለው ልጅ ዓይኑን ከኳሷ ላይ ለማንሣት አይደፍርም። ቢያነሣ ኳሷ ነጥራ ታመልጠዋለች።

ሜዳው እስኪስተካከል ግን አሠልጣኞች መጠበቅ የለባቸውም። በመስመር ዳር 10 ሜትር ስፋት ያለው ቦታ በድንጋይ ተለክቶ፥ አንዱ አቀባይ፥ አንዱ ተመላላሽ፥ አንዱ ጫና አድራጊ ሆነው በየተራ ይለማመዱ። ጫና አድራጊው የሚነሣው ኳሷ ከአቀባዩ እግር ስትወጣ ነው። ተመላላሹም ኳሷ ከመድረሷ በፊት ከጀርባው የቆመ አራተኛ ልጅ ስንት ጣት እንዳሳየ ጮኾ ይናገር። ለአንድ ወር ያህል በዚያ ቦታ ላይ የሚቆመው ደግሞ መጨረሻ የተመረጠው ሳይሆን አስቀድሞ የተመረጠው ልጅ ይሁን።