በመረብ ስለሚመጣ ድምፅና ስለ ማጣሪያ ኬብል
(በራዲዮ የተነገረ)



በዛሬው ንግግራችን በኢንተርኔት መረብ ወደ ቤታችን ስለሚገባው ድምፅ፤ ይህንኑ ድምፅ ያጠራሉ ተብለው በብዙ ገንዘብ ስለሚሸጡት ማጣሪያዎችና ኬብሎችም ጥቂት ቃል ለመናገር አስበናል። ነገሩን ያነሣሣን በሰቆጣ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ያቀረቡልን ጥያቄ ነው። በባሕር ማዶ ያለው ልጃቸው ዜናና መዝሙር በመረብ የሚያሰማ መሣሪያ ልኮላቸው ነበር። ድምፁ እየተቆራረጠና «ዝዝ» እያለ ቢያስቸግራቸው፤ «የመረብ ማጣሪያ የሚባል ዕቃ አለና ገዝቼ ልላክልዎን?» ሲል ጠየቃቸው። ዋጋው ለእኒህ አባት የብዙ ወር ጡረታ ነው።

እንግዲህ አስቀድሞ በኬብሉ ውስጥ የሚያልፈው ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል። በጥንቱ የስልክ ሽቦ የድምፁ ሞገድ እንዳለ ይተላለፍ ነበርና ሽቦው ሲያረጅ ድምፁም አብሮ ይደክም ነበር። በመረብ የሚመጣው ግን ቍጥር ነው። ቍጥሩ በትንንሽ ጥቅል ተከፋፍሎ ይላካል፤ እያንዳንዱ ጥቅል መመርመሪያ ስላለው በመንገድ የተበላሸ ቢገኝ ተቀባዩ ይጥለዋል፤ ላኪውም እንደገና ይልከዋል። ደብዳቤ ከዋግ ወደ አዲስ አበባ በበቅሎ ቢሄድ በአውሮፕላን ቢሄድ ቃሉ አንድ እንደሆነ፤ ቍጥሩም በተራ ኬብል ቢመጣ በወርቅ በተለበጠ ኬብል ቢመጣ ያው ቍጥር ነው። ኬብሉ ካልተቈረጠና ርዝመቱ ከ100 ሜትር ካላለፈ ሥራውን ይፈጽማል።

ስለዚህ መቆራረጡና ዝዝታው ልዩ ልዩ በሽታዎች ናቸው። ድምፁ የሚቆራረጠው ጥቅሎቹ በጊዜያቸው ሳይደርሱ ሲቀሩ ነው። በዋግ ኽምራ ደጋ ብዙው ቤት በወፍራም የድንጋይ ግንብ የተሠራ ነው፤ ግንቡ ለብርድ መልካም ሲሆን ለዋይፋይ ሞገድ ግን ክፉ መጋረጃ ነው። ማሠራጫውን ወደ በሩ ማቅረብ፤ ወይም ከእርሱ እስከ ማጫወቻው ተራ ኬብል መዘርጋት ይበቃል። የስልኩን ማማ ተራራ ከጋረደው ግን የቤት ኬብል አያድንም፤ ያን ጊዜ የሚሻለው ሌሊት ሰው ሲያንስ ፕሮግራሙን አውርዶ አስቀምጦ ማግስቱን መስማት ነው። (የባዶ ድንጋይ ክፍል ድምፅን እያስተጋባ ንግግሩን ያደበዝዛልና፤ በግንቡ ላይ ጋቢ ወይም ምንጣፍ መስቀል ከማጣሪያው ይልቅ ይረዳል።)

ዝዝታው ግን የሚመጣው ከኤሌክትሪኩ ነው። ርካሽ ቻርጀር፤ የሶላር መቆጣጠሪያና አንዳንድ የኤልኢዲ አምፑል ረብሻ ያወጣሉ፤ ረብሻውም በኬብሉ ብረት በኩል ወደ ድምፅ ማጉያው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የማጣሪያ ሻጮች ቃል ፈጽሞ ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን በኤተርኔት መሰኪያ ውስጥ 1,500 ቮልት እንዲችሉ ተደርገው የተሠሩ ትንንሽ ትራንስፎርመሮች ቀድሞውኑ አሉ፤ ማጣሪያው የሚጨምረው ሁለተኛ በር ብቻ ነው። እንዲያውም ብረት የለበሰ ውድ ኬብል፤ ልብሱ በሁለት ጫፍ ሲያያዝ፤ ለረብሻው አዲስ መንገድ ይከፍታል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ድምፁ እየተሰማ ኬብሉን መንቀል። መሣሪያው አስቀድሞ ያጠራቀመው ስላለ ለጥቂት ጊዜ መናገሩን ይቀጥላል። ዝዝታው ያን ጊዜ ካልቀረ ጥፋቱ የኬብሉ አይደለም፤ ቻርጀሮቹን አንድ በአንድ መንቀል ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል የድሮውን ራዲዮ መጣል አይገባም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት በዋግ ኽምራ መብራትና ስልክ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ሳለ፤ ማማ ሳይጠይቅ ወሬ ሊያሰማ የሚችለው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ራዲዮ ነበር። እርሱም ቢሆን ከአምፑሉና ከቻርጀሩ ራቅ ቢል፤ የአጭር ሞገዱም አንቴና በውጭ በተዘረጋ ሽቦ ቢረዝም ድምፁ ይጠራል።

መምህሩ እንደ ነገርናቸው አደረጉ። ኬብሉ ሲነቀል ዝዝታው አልቀረም፤ የስልካቸው ቻርጀር ሲነቀል ግን ወዲያው ጸጥ አለ። ለልጃቸውም «ማጣሪያውን ተወው፤ ገንዘቡን ለሶላር ባትሪ አድርገው» ብለው ጽፈውለታል። መቆራረጡ ግን ከማማው ስለሆነ ማታ ማታ ዛሬም አለ።