በሱፐርቻርጀር ሞተሮች ላይ የቺንጋ መንሸራተት፤ መንስኤውና መከላከያው

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአበው ብሂል ለመካኒክ የተነገረ ይመስላል። ቺንጋው በሚገባ ሳይታሰብበት የተገጠመ ሱፐርቻርጀር፣ በዝግታ ሲነዳ እንከን አይታይበትም፤ ኃይል አጥብቆ በሚፈለግበት በዚያው ቅጽበት ግን ሥራውን ያጓድላል። የዚህ ንግግር ዓላማ ቺንጋ ለምን እንደሚንሸራተትና መንሸራተቱ በምን እንደሚገታ ማስረዳት ነው።

አሜሪካውያኑ ወንድማማቾች ፊላንደርና ፍራንሲስ ሩትስ የአየር መንፊያቸውን የፈጠራ መብት ያስመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1860 ነበር። መሣሪያው ከብዙ ዓመታት በኋላ ለመኪና ሞተር ዋለ። ተርቦቻርጀር ከሞተሩ በሚወጣው ጋዝ ሲሽከረከር፣ ሱፐርቻርጀር ግን ጉልበቱን የሚያገኘው ከክራንክሻፍቱ ነው፤ በዛሬዎቹ ሞተሮች በአብዛኛው መካከለኛው ቺንጋ ነው።

የሸክሙን ልክ ለማወቅ አንድ ምሳሌ ይበቃል። የክራንክሻፍቱ ፑሊ ዲያሜትር 15 ሳንቲሜትር፣ የሱፐርቻርጀሩ ደግሞ 7.5 ሳንቲሜትር ይሁን። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር ሱፐርቻርጀሩ 12,000 ዙር ይዞራል፤ ቺንጋውም በሴኮንድ 47 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሱፐርቻርጀሩ 40 ኪሎዋት የሚፈጅ ከሆነ፣ በከረረውና በላላው የቺንጋ ጎን መካከል 850 ኒውተን ያህል የጉተታ ልዩነት መኖር አለበት።

ይህን ልዩነት ቺንጋው ሳይንሸራተት መሸከም መቻሉን የሚወስኑት ሰበቃውና ቺንጋው ፑሊውን ያቀፈበት ማዕዘን ናቸው። ሌዮንሃርድ ኦይለርና ኤይተልቫይን ያስተማሩት ሕግ እንደሚያሳየው፣ ማዕዘኑ ሲሰፋ የመያዝ አቅሙ የሚያድገው በመደመር ሳይሆን በመባዛት ነው። የቦዩ ቅርጽ ታስቦበት የሰበቃው መጠን 0.5 ቢሆን፣ 120 ዲግሪ ያቀፈ ቺንጋ የከረረው ጎኑ ከላላው 2.85 እጥፍ፣ 180 ዲግሪ ያቀፈው ደግሞ 4.8 እጥፍ እስኪሆን ይታገሣል። ስለዚህ በምሳሌው ውስጥ በላላው ጎን የሚያስፈልገው ውጥረት ከ460 ወደ 225 ኒውተን ያህል ይወርዳል። በዚህ ላይ ቺንጋው በፍጥነት ሲዞር ከፑሊው ለመሸሽ የሚያደርገው ግፊት ይታከላል፤ በሜትር 100 ግራም የሚመዝን ቺንጋ በተጠቀሰው ፍጥነት 220 ኒውተን ያህል ተጨማሪ ውጥረት ይጠይቃል።

ከዚህ ሒሳብ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ቺንጋ ሲጮኽ አጥብቆ መወጠር የተለመደ መፍትሔ ቢሆንም፣ ከልክ ያለፈ ውጥረት የሱፐርቻርጀሩን ኩሽኔታና የክራንክሻፍቱን አፍንጫ ይጎዳል። የሚሻለው ከቺንጋው ጀርባ የሚያርፍ አጋዥ ፑሊ በመግጠም እቅፉን ማስፋት ነው። መወጠሪያው መቀመጥ ያለበት በላላው ጎን፣ ማለትም ቺንጋው ከክራንክሻፍቱ ወጥቶ ወደ ሱፐርቻርጀሩ በሚሄድበት በኩል ነው። በከረረው ጎን ቢቀመጥ ስፕሪንጉ በሸክሙ ተገፍቶ ቺንጋውን ያላላዋል።

ግፊት ለመጨመር ሲባል የሱፐርቻርጀሩን ፑሊ በትንሽ መለወጥም ጥንቃቄ ይሻል። ፑሊው ሲያንስ ሸክሙ ይጨምራል፤ እቅፉ ግን ይቀንሳል። ስለዚህ ሰፋ ያለና ቦዩ የበዛ ቺንጋ፣ እንዲሁም አጋዥ ፑሊ አብረው መታሰብ አለባቸው። የፑሊዎቹ አሰላለፍ ቀጥ ያለ፣ ቦዮቹም ከዘይትና ከሞተር ውሃ የጸዱ መሆን ይገባቸዋል። ቺንጋ ላይ የሚረጭ አጣባቂ ፈሳሽ ጩኸቱን ለጊዜው ዝም ቢያሰኝም አቧራ ስለሚሰበስብ ፈውስ አይደለም። ጥርስ ያለው ቺንጋ በእርግጥ አይንሸራተትም፤ ይሁን እንጂ ድንገተኛውን ንዝረትና ምት ሳያለዝብ ስለሚያስተላልፍ የሚስማማው በአብዛኛው ለእሽቅድምድም ሞተር ነው።

መንሸራተቱን በጆሮ ብቻ መፍረድ አይገባም። የግፊት መቀነስ ከተዘጋ የአየር ማጣሪያ ወይም ከሚያሾልክ ቫልቭ ሊመጣ ይችላል። እርግጠኛው ፈተና የሁለቱን ፑሊዎች ዙር መለካት ነው፤ በምሳሌው 12,000 መሆን የነበረበት 11,400 ሆኖ ቢገኝ 5 ከመቶ ጠፍቷል ማለት ነው።

በኢትዮጵያ አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ 1,000 ሜትር ግድም ከፍታ ባላት በአዋሽ ግን ዘጠኝ አሥረኛ ያህል ይደርሳል። ሱፐርቻርጀሩ በእኩል ፍጥነት እየዞረ ወፍራሙን አየር ሲጨምቅ፣ የቺንጋው ሸክም ከአዲስ አበባው በአንድ ስድስተኛ ያህል ይበልጣል። በመዲናይቱ ጋራዥ ተፈትኖ ደኅና የተባለ ቺንጋ ቆላ ሲወርድ ሊንሸራተት የሚችለው ስለዚህ ነው። ያው ቺንጋ የውሃ ፓምፑንና ዲናሞውን የሚያዞር ከሆነ፣ ግሎ ሲበጠስ የሚጠፋው ግፊት ብቻ አይደለም፤ በሐሩር መንገድ ላይ ሞተሩ ራሱ ለቃጠሎ ይጋለጣል።

እንግዲህ መካኒኩ ቁልፉን ከማንሣቱ አስቀድሞ ማዕዘኑን ይለካ፤ ሸክሙንም መኪናው ለሚወርድበት ዝቅተኛ ስፍራ ያስላ። በቅድሚያ በሒሳብ የታጠቀ ቺንጋ በሩጫ መካከል አይፈታምና።