ዝም ያለ ጨቅላ

የዛሬው ርዕሳችን የአራስ ልጅ ሕመም ነው።

በእንጅባራና በዙሪያዋ አራስ ጥየቃ ስንገባ «ልጁ ትኩሳት የለውም፣ ዝም ብሎ ተኝቷል፣ ትንሽ ብርድ መትቶት ነው» ሲባል እንሰማለን። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ብርዱ ቢጠረጠር አይገርምም። ሆኖም የጨቅላ ገላ መቀዝቀዝ የከባድ ኢንፌክሽን ምልክትም ሊሆን ይችላል።

የትልቅ ሰው አካል ጀርም ሲገባበት ያተኩሳል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ነጭ የደም ሴሎችም ከመቅኒው በብዛት ይወጣሉ። ጨቅላው ግን በማኅፀን ሳለ ከእናቱ አካል ጋር እንዳይጣላ የመከላከያ ኃይሉ ረጋ ያለ ነው። የነጭ ሴል ክምችቱም ትንሽ ነው። ጀርሙ በደሙ ከተሰራጨ ክምችቱ ቶሎ ስለሚያልቅ፣ በምርመራ የሴሎቹ ቁጥር ጨምሮ ሳይሆን ቀንሶ ሊገኝ ይችላል። ሙቀቱም በመጨመር ፋንታ ሊወርድ ይችላል።

አላህ (ሱ.ወ.) ግን ያለ ስንቅ አልላከውም። በሽታ ተከላካይ አንቲቦዲ ከእናቱ ደም በእንግዴ ልጁ በኩል ያልፍለታል። ይህ በብዛት የሚሆነው በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት በመሆኑ፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ስንቁ ጎደሎ ነው። ሁለተኛው ስንቅ እንገሩ፣ ማለትም የመጀመሪያው ቢጫ የጡት ወተት ነው፤ የአንጀቱን ግድግዳ ከጀርም ይጠብቃል። ታዲያ እንገሩን አልቦ መድፋትና ቅቤ ማስዋጥ ከየት የመጣ ልማድ ነው? ጡት ማጥባትን በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 233 ያወሳው ቁርኣን እንዲህ አላዘዘንም።

«ተሕኒክስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ተሕኒክ የተወደደ ሱና ነው። የሚያደርገው ሰው ጤነኛ ይሁን፣ እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ጥቂት ብቻ ላንቃውን ያስነካ፤ ከዚያ ወዲያው ጡት ይሰጠው። የሚያስል ሽማግሌ፣ አባታችንም ቢሆኑ፣ ለሌላ ቢተዉት ይሻላል። ልጁ ያለ ጊዜው ከተወለደ ወይም ከታመመ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አታድርጉት።

ሌላም አለ። «አርባዋ ሳይወጣ አራስ ከቤት አትወጣም» እየተባለ ልጁ እየደከመ ቀን ይቆጠራል። ኒፋስ እናትን ከሶላትና ከጾም ያሳርፋታል እንጂ ከጤና ጣቢያ አይከለክላትም። ሩቅያም ቢሆን በመንገድ ላይ ይቀራል፤ ቤት ቁጭ ብሎ ማደርን አይጠይቅም።

እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው ሞተዋል። ኢንፌክሽን ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነው።

ስለዚህ ጡት መሳብ ካቆመ፣ ሲነካኩት ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ካንቀጠቀጠው አትጠብቁ። ሙቀቱ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ወይም ከ35.5 በታች ከሆነም እንዲሁ ነው። ሌሊት ቢሆንም ውሰዱት። በመንገድ ላይ እናቲቱ ገላውን ከገላዋ አጣብቃ ትሸፍነው፤ መሳብ ከቻለ ታጥባው።

ሆስፒታል መድረስ ፈጽሞ ካልተቻለ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጥሩ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በተዘረጋው አሠራር እነዚህ እህቶቻችን የጄንታማይሲን መርፌና አሞክሲሲሊን ለ7 ቀናት እንዲሰጡ ሠልጥነዋል። ልጁ በሦስተኛው ቀን ቢሻለውና ጡት ቢስብም፣ የቀሩት ቀናት መድኃኒት አይቋረጥ።