የእንግዳ ምግብ በአገር ጎዳና
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለምግብ ዝግጅትና ለሥነ ምግብ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)

በዚህ ጉባኤ ፊት ቆሜ እንድናገርበት የተመደበልኝ ርእስ፣ ሰው ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር ጎዳና ላይ የአገሩን ምግብ በጋሪ እየገፋ ስለ መሸጡ ነው። ርእሱ በመጀመሪያ ሲሰማ ከሰቆጣና ከአበርገሌ እጅግ የራቀ ይመስላል። ፈረንጅ በኒሯቅ ገበያ መካከል ጋሪ አቁሞ ቋሊማ ሲጠብስ ማየት ቀርቶ ማሰቡም ያዳግታል። ነገር ግን በአገራችን ከተሞች ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ጎራ ያለ ሰው ቦምቦሊኖ፣ ሳምቡሳ፣ ብስኩትና ቺፕስ በሳፋና በመስተዋት ሣጥን ተደርድረው ያገኛል። ከእነዚህ ስሞች አንዱም ከአማርኛም ሆነ ከኽምጣኛ አልተወለደም። እንግዲህ ባለጋሪው ባይመጣም ምግቡ መጥቷል ማለት ነው። ዛሬ ልንመረምረው የሚገባን፣ ይህ ምግብ እንዴት መጣ፤ መጥቶስ እንዴት የእኛ ሆነ፤ የእኛ መሆኑስ እስከ ምን ድረስ ነው የሚለውን ነው።

የጎዳና ምግብ ታሪክ በብዙ አገር የስደተኛ ታሪክ ነው። ሱቅ የሚከራይበት ገንዘብ፣ ሥራ የሚቀጠርበት ቋንቋ የሌለው እንግዳ፣ በእናቱ ማጀት የለመደውን ምግብ ይዞ ወደ መንገድ ይወጣል። ቻርልስ ፌልትማን የተባለ ጀርመናዊ ወደ አሜሪካ ተሰዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1867 ገደማ በኒው ዮርክ፣ በኮኒ አይላንድ የባሕር ዳርቻ፣ ትኩስ ቋሊማ በዳቦ ውስጥ እያደረገ በጋሪ መሸጥ ጀመረ። በእርሱ ድርጅት ይሠራ የነበረው የፖላንድ ስደተኛ ናታን ሃንድወርከር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1916 የራሱን መሸጫ ከፍቶ፣ የፌልትማን ድርጅት በ10 ሳንቲም የሚሸጠውን በ5 ሳንቲም አቀረበ። ያ የጀርመን ቋሊማ ዛሬ በዓለም ዘንድ የሚታወቀው የአሜሪካ ምግብ ተብሎ ነው። በበርሊንም እንዲሁ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ለፋብሪካ ሥራ የሄዱ ቱርኮች በአገራቸው በሰሐን ይቀርብ የነበረውን ጥብስ በዳቦ ከትተው ቆሞ ለሚበላ ሠራተኛ እጅ አመቻቹት። ከዚህ የምንረዳው፣ በጎዳና ላይ ጸንቶ የቆመው እንግዳ፣ ምግቡን እንደ ነበረ ያቆየው ሳይሆን ለአገሬው እጅ፣ ለአገሬው ኪስና ለአገሬው ሰዓት ያስማማው መሆኑን ነው።

ከባለጸጋ አገር ወደ እኛ ዓይነት አገር የሚመጣው ሰው ግን ጋሪ ሲገፋ እምብዛም አይታይም። አንደኛው ምክንያት ሕግ ነው። በታይላንድ ዕቃ እያዞሩ በጎዳና መሸጥ ለውጭ ዜጋ ከተከለከሉት ሥራዎች አንዱ ነው። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474 የምግብ ቤት፣ የሻይ ቤትና የቡና ቤት ሥራን፣ ባለ ኮከብ ከሆኑ የባህል ምግብ ቤቶች በስተቀር፣ ለአገር ውስጥ ባለሀብት ከለለው። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1180 ደግሞ ለብቻው ሥራ ከሚከፍት የውጭ ባለሀብት ቢያንስ 200,000 የአሜሪካ ዶላር መዋዕለ ንዋይ ጠየቀ። በዚህ ሚዛን ጋሪና ምጣድ ይዞ የሚመጣ ሰው ባለሀብት ሊባል አይችልም። ስለዚህ ጎዳናው በሕግ ረገድ የእኛ ነው። ጥያቄው በጎዳናው ላይ ምን አስቀምጠናል የሚለው ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤

በቀደመው ዘመን በአገራችን የተሰናዳ ምግብ መሸጥ እንደ ነውር ይታይ ነበር። መንገደኛ የእግዚአብሔር እንግዳ ነው፤ ይበላል እንጂ አይከፍልም። እህል ለገበያ ይወጣል፤ እንጀራ ግን የቤት ክብር ነበር። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሲከፈት፣ ገንዘብ ከፍሎ መብላት ለመኳንንቱ እንግዳ ነገር ስለ ሆነባቸው ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ጋብዘው እንዳለማመዷቸው ይተረካል። ይህ ልማድ ባለበት አገር የምግብ ንግድ በመጀመሪያ ለባዕዳን የተለቀቀ መሆኑ አያስደንቅም። ግሪኩና አርመኑ፣ ዐረቡና ሕንዱ በየከተማው ዳቦ ጋገሩ፤ ሸቀጥም ከፈቱ።

ከሁሉ ይልቅ በምግባችን ስም ላይ ማኅተሙን የተወው ግን ጣሊያን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በወረራ በቆየበት ጊዜ ከጦሩ ጋር ጋጋሪውም፣ ወጥ ቤቱም፣ ነጋዴውም መጣ። ወራሪው ድል ከተመታ በኋላ አብዛኞቹ ጣሊያኖች በእንግሊዞች ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ጥቂቶች በየሙያቸው በዚሁ ቀሩ። ፓስታና መኮሮኒ፣ ፓስቴና ጀላቲ፣ ማኪያቶና ከረሜላ የዚያ ዘመን ቃላት ናቸው። ፉርኖ ብለን የነጭ ዱቄት ስም ያደረግነው ቃል በእነርሱ ቋንቋ የዳቦ ምድጃ ማለት ነው። ወራሪው ወጣ፤ ምድጃው ቀረ። በጠላትነት የመጣ ሁሉ በጠላትነት አይቀርምና፣ አባቶቻችን ሰይፉን መልሰው ዳቦውን አስቀሩ።

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት ልግባ። ጣሊያኖች ቦምቦሎኔ የሚሉት ምግብ በአገሩ እንቁላልና ቅቤ የገባበት፣ ብዙ ጊዜም ክሬም የተሞላ ነው። በአገራችን ጎዳና የሚሸጠው ቦምቦሊኖ ግን በአመዛኙ ዱቄት፣ ውኃ፣ እርሾና ጥቂት ስኳር ሆኖ በዘይት የሚጠበስ ነው። እንቁላሉንና ቅቤውን ያስወጣው በአንድ በኩል ድህነት ሲሆን፣ በሌላ በኩል ጾም ነው። ከዓመቱ ቀናት እኩሌታ ያህሉን በሚጾም ሕዝብ መካከል የፍስክ ምግብ ብቻ የያዘ ነጋዴ እኩሌታውን ዓመት ሥራ ይፈታል። ቦምቦሊኖ ኢትዮጵያዊ የሆነው በጾመ ጊዜ ነው። ሳምቡሳም ከፋርስ ተነሥቶ በዐረቦች በኩል ሲደርሰን በሌላው አገር ሥጋ የሚሞላበት ነበር፤ በእኛ ጎዳና ሆዱ በምስር ተሞላ።

ፉልም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጠናል። ስሙ ዐረብኛ፣ አሠራሩም የግብፅ፣ የሱዳንና የየመን ነው። ፉል ማለት ግን ባቄላ ነው፤ ባቄላ ደግሞ የደጋችን አዝመራ ነው። ስለዚህ ከተሜው ጠዋት ፉል ሲያዝ ገንዘቡ ወደ ገበሬው ጓሮ ይመለሳል። ድንችም እንግዳ ነበር። ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ሽምፐር እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ እንዳስገባው ይታወቃል። ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ወጣቶች ቅቅል ድንች በዳጣ ያቀርባሉ፤ እርጥብ በሚባለውም ምግብ ዳቦ ሰንጥቀው ድንችና ቃርያ ይከቱበታል። ድንቹ ከገበሬያችን፣ ቃርያው ከገበሬያችን፣ ጥበቡም ከልጆቻችን ነው። በእኔ አስተያየት አንድ የእንግዳ ምግብ የአገር ምግብ ሆነ የሚባለው ሦስት ነገሮች ሲሟሉለት ነው፤ እነርሱም እህሉ ከአገሬው ማሳ ሲመጣ፣ ሠሪው እጅ የአገሬው ሲሆን፣ ሥርዐቱም ከሕዝቡ እምነትና ልማድ ጋር ሲስማማ ናቸው።

ይህም ሕግ በባዕድ አገር ላሉት ወገኖቻችን ይሠራል። በአሜሪካ የመጀመሪያዎቹን የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የከፈቱ ሰዎች ጤፍ ባጡ ጊዜ እንጀራን ከስንዴ፣ ከገብስና ከሌላም ዱቄት ጋገሩ። በኋላም በኢትዮጵያ ሠርቶ የነበረ አንድ አሜሪካዊ በአይዳሆ ጤፍ ዘርቶ አመረተ። እንጀራ በዚያ ምድር ሥር ሊሰድ የቻለው እህሉ በዚያው መብቀል ከጀመረ በኋላ ነው።

ይህን መለኪያ ይዘን ወደ ዋግ ስንመለስ ግን ልባችን ያዝናል። ወደ ዋግ የባዕድ ምግብ የገባው በጋሪ ሳይሆን በጆንያ ነው። በ1966 ዓ.ም.ም ሆነ በ1977 ዓ.ም. በድርቅ ዘመን የዚህ አገር ሰው ርዳታ ፍለጋ ወደ ኮረም ሲወርድ የጠበቀው ስንዴና ዘይት ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮም ሴፍቲ ኔት በተባለው ፕሮግራም ስንዴ በየወረዳው ሲታደል ቆይቷል። በ2014 ዓ.ም. ከአበርገሌ በጦርነት ተፈናቅለው ወደ ሰቆጣ የገቡ ቤተሰቦችም የተቀበላቸው ያው ጆንያ ነው። ርዳታው ነፍስ አድኗልና አላማርረውም። ነገር ግን ከባሕር ማዶ በመጣ ስንዴና ዘይት የምትጠብስ ሴት፣ ከሦስቱ መለኪያዎች እጅና ሥርዐት አላት እንጂ እህሉ የእርሷ አይደለም። ጆንያው የዘገየ ዕለት ምጣዷ ይቀዘቅዛል።

ነገሩ ከንግድም አልፎ የሕፃናት ጉዳይ ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ለማጥፋት የገባው ቃል በዚህች ከተማ ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሏል። ስሙ ክብርም ነው፤ ወቀሳም ነው። ልጁን አዝሎ ገበያ የወጣ ሰው ለሕፃኑ የሚገዛለት ነጭ ዱቄትና ስኳር ብቻ ከሆነ፣ ሆዱ ይሞላል እንጂ ቁመቱ አያድግም።

ዋግ ከራሱ ምድር በጋሪው ላይ የሚያስቀምጠው አጥቶ አይደለም። አንደኛ፣ ስሙን ከዚህ ቆላ የወሰደው የአበርገሌ ፍየል በወተቱም በሥጋውም የታወቀ ዘር ነው፤ የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማእከልም ዘሩን ከአርቢዎች ጋር ሆኖ ለማሻሻል ሠርቷል። ይሁን እንጂ ፍየሉ በአብዛኛው ከነሕይወቱ ተነድቶ ይሸጣል፤ በጥብስ የሚገኘው ትርፍ ለሌላ ከተማ ይቀራል። ሁለተኛ፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ ለአበርገሌ ዓሣ የሚወጣበት ሐይቅ ሰጥቷል። ቆሮሶና አምባዛ እዚያው በሐይቁ አጠገብ ተጠብሶ ቢሸጥ በረዶና መኪና ፍለጋ አያስፈልግም። ሦስተኛ፣ ማር አለ። አራተኛና ዋነኛው ማሽላ ነው።

በማሽላ ላይ ባለሙያው ማወቅ የሚገባው ነገር አለ። ማሽላ ሊጥን የሚያለጥጠው የስንዴ ፕሮቲን ስለሌለው ብቻውን ቦምቦሊኖ አይሆንም፤ ይፈረካከሳል። ነገር ግን በደንብ ተፈጭቶና ተነፍቶ ከጠቅላላው ዱቄት እስከ ሩብ ያህል ከስንዴው ጋር ቢደባለቅ ሊጡ ኩፍ ሊል ይችላል። በስኳር ፈንታ ጥቂት ማር፣ በጎኑም የሽምብራ ወይም የምስር ሳምቡሳ ቢቀርብ፣ ምግቡ ጾሙን ሳይሽር ፕሮቲን ይጨምራል። በፍስክ ቀን የፍየል ሥጋ፣ በጾም ቀን የማሽላ ቦምቦሊኖ የያዘ ጋሪ ዓመቱን በሙሉ አይቆምም።

ንጽሕናን በተመለከተ ማንንም ሳናዋርድ ልንናገር ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅት ያስቀመጣቸው አምስት ቁልፍ መመሪያዎች ጽሑፍ ለማታነብ ሴት እንኳ በቃል የሚነገሩ ናቸው፤ እነርሱም እጅንና ዕቃን ማጽዳት፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፣ አብስሎ ማውጣት፣ የበሰለውን በተገቢው ሙቀት ማቆየት፣ ንጹሕ ውኃና ያልተበላሸ ጥሬ ዕቃ መጠቀም ናቸው። የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ መቀመጥ የለበትም፤ ለቆላው ሙቀት ይህ ሰዓት እንኳ ብዙ ነው። ዘይትም ጠቁሮ እስኪያጤስ ድረስ ደጋግሞ መጥበሻ አይሆንም። ይህን የምናስተምረው ግን ውኃ በሌለበት ቦታ ቆመን ከሆነ ተግሣጽ እንጂ ትምህርት አይባልም። ከመናኸሪያው አጠገብ አንዲት ቦኖ ውኃ መትከል ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል።

አንዳንድ ወንድሞች የባዕድ ምግብ ባህላችንን ይበርዛል እያሉ ጋሪው ከነምጣዱ ከጎዳና እንዲነሣ ይመክራሉ። አሳባቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ጋሪው ሲነሣ የሚጎዳው ጣሊያን አይደለም። የሚጎዱት በዚያች ምጣድ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ እናቶች ናቸው። ባህልም የሚበረዘው እንግዳ በመግባቱ ሳይሆን ባለቤቱ የሚያቀርበው ሲያጣ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ለገበያ የሚስማማ የማሽላና የጥራጥሬ አዘገጃጀት በሙከራ ተረጋግጦ በአማርኛና በኽምጣኛ ይዘጋጅ። ሁለተኛ፣ በጎዳና የሚሸጡ እናቶች በሥልጠናችን ላይ ተማሪ ብቻ ሳይሆኑ አስተማሪም ሆነው ይቀመጡ፤ ቦምቦሊኖን ያጾሙት እነርሱ እንጂ እኛ አይደለንምና። ሦስተኛ፣ ከከተማ አስተዳደሮች ጋር ተነጋግረን ለጋሪዎቹ ቦታ፣ ጥላና ውኃ እንጠይቅ።

አባቶቻችን ከባዕድ ምድጃውን ተቀብለው አስቀርተዋል። በምድጃው ላይ የራሳችንን እህል መጣድ ለእኛ የተተወ ሥራ ነው።