ስለ ጦር ሜዳ ሐኪም ቤት በፍኖተ ሰላም የተደረገ ንግግር



በ1928 ዓመተ ምሕረት ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ከጎጃም ወደ ሽሬ የዘመቱት አያቶቻችን ለቁስለኛ የሚያውቁት ወጌሻን ነበር። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት አቃንቶ ያስራል፤ ሙያውም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ታኅሣሥ 13 ቀን በተከዜ ወንዝ አጠገብ ከአውሮፕላን የወረደው መከራ ወጌሻ የሚያውቀው አልነበረም። ልዑል ራስ እምሩ በኋላ እንደ ተረኩት፥ በርሜል የመሰሉት ነገሮች እየፈነዱ ቀለም የሌለው ውሃ ይረጩ ነበር፤ የነካውም ሰው እጁ፣ እግሩና ፊቱ ተላጠ። አለቆቹ ምክር ቢጠይቋቸው የሚመልሱት ቃል አጡ።

ያ መርዝ ኢፔሪት፥ በሌላ አጠራር የሰናፍጭ ጋዝ ይባላል። ጋዝ ቢሉትም ዘይት መሰል ፈሳሽ ነው። በልብስና በባዶ እግር ሰርጎ ይገባል፤ ሕመሙ ግን የሚነሣው ከሰዓታት በኋላ ስለ ሆነ፥ ሰው መመረዙን ሳያውቅ ያንኑ ልብስ ለብሶ ያድራል። የሚሻለው ወዲያው ልብስን አውልቆ ገላን በብዙ ውሃና በሳሙና መታጠብ ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው፣ ውሃው፣ ሳሙናውና ፋሻው በአንድነት የሚገኙበት ስፍራ የጦር ሜዳ ሐኪም ቤት ይባላል። ግንብ አይደለም፤ ጦሩ ሲነሣ አብሮ የሚነሣ ድንኳን ነው። ቁስለኛ በቃሬዛ ሲደርስም ሐኪሙ አስቀድሞ የሚያየው የሰውየውን ማዕርግ ሳይሆን የደሙን አፈሳሰስ ነው።

ከአድዋ ድል በኋላ በ1888 የሩሲያ ቀይ መስቀል ቁስለኞችን የሚያክም ጓድ ልኮልን ነበር። የራሳችን የቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ግን ሐምሌ 1 ቀን 1927 ነው፤ ሦስት ወር ሳይሞላው ጦርነቱ ደረሰበት። አገሩ የራሱ ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ስለ ነበሩት ከስዊድን፣ ከእንግሊዝ፣ ከኖርዌይ፣ ከሆላንድ፣ ከፊንላንድና ከግብጽ ጓዶች መጡ።

ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 በልዑል ራስ ደስታ ጦር አጠገብ፥ በመልካ ዲዳ የሰፈረው የስዊድን ጓድ ምልክቱን ዘርግቶ ሳለ በአውሮፕላን ተደበደበ። አለቃው ዶክተር ሂላንደር ቆሰለ፤ ሉንድስትሮም የተባለው ባልደረባው ሞተ፤ ከተኙት ኢትዮጵያውያን ቁስለኞችም ብዙዎች አለቁ። የካቲት 25 ቀን ደግሞ በቆረም የዶክተር ሜሊ የእንግሊዝ ጓድ ቦምብ ተጣለበት። ከዚህ የተነሣ ቀዩ መስቀል ቦምብ የሚጠራ ነው የሚል ፍርሃት በሰዉ ዘንድ አደረ፤ ማንስ ይፈርድበታል?

ሜሊ ከቆረም ተርፎ ነበር። ይህን ሳልናገር ባልፍ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል፤ የገደለው የጠላት አውሮፕላን አይደለም። አዲስ አበባ ስትዘረፍ ቁስለኛ ለመርዳት ሲል በከተማይቱ ውስጥ ከዘራፊዎች አንዱ ተኩሶ መታው፤ ሚያዝያ 27 ቀን ሞተ።

የቆረም ድብደባ በደረሰ በአምስተኛው ዓመት፥ በዚያው ቀን የካቲት 25፣ 1933፥ ኢጣልያኖች ቡሬን ለቀው በዚህ በእኛ መንገድ ወደ ደምበጫ ሸሹ። በደምበጫ አጠገብ ከሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ተጋጥመው ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ወደቀ። ከሱዳን ጭነት ይዘው ከተነሡት ወደ 15,000 ከሚሆኑ ግመሎች የሚበልጡት በብርድና በገደል አልቀዋል። ግመል በሞተበት መንገድ ቁስለኛ የሚሄደው በሰው ትከሻ ነው።

ስለዚህ መምህራን የቀዩን መስቀል ምልክት በሰሌዳ ላይ ስላችሁ፥ በእርሱ ሥር ያለውን ሰው ወዳጅም ቢሆን ጠላትም ቢሆን መንካት ክልክል መሆኑን ንገሩልን። እናንተም አባቶች፥ ቃሬዛ እንዴት እንደሚታሰር በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ለልጆቹ አሳዩአቸው። ተሸካሚዎቹ ቁልቁለት ሲወርዱ የበሽተኛው እግር ይቅደም፤ ዳገት ሲወጡ ግን ራሱ ይቅደም።