ስም የሚታወቅበት ክልል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)





በዚህ የደስታ ቀን ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ጥቂት ቃል እናገራለሁ። ነገሬን የምጀምረው ግን ከራሴ ስሕተት ነው።

ባለፈው ዓመት የክፍላችን ተማሪዎች ከትምህርት የቀሩበትን ቀን የሚደምር ፕሮግራም፣ ሲ በሚባለው ቋንቋ ጽፌ ነበር። የመጀመሪያው ልጅ 4 ቀን ቀርቷል፤ ሁለተኛው አንድም ቀን አልቀረም፤ ሦስተኛዋ 2 ቀን ቀርታለች። ፕሮግራሙ ግን 4፣ 4፣ 6 ብሎ አወጣ። ቀርቶ የማያውቀው ጓደኛችን፣ «ይህ የማን ዕዳ ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። በአንድነት የሚሠሩ ትእዛዞች ተከብበው ሲቀመጡ ብሎክ ይባላሉ። በሲ ቋንቋ ብሎክ በተጠማዘዘ ቅንፍ ይከፈታል፤ በተጠማዘዘ ቅንፍም ይዘጋል። በብሎኩ ውስጥ የታወጀ ስም ከታወጀበት ቦታ አንሥቶ እስከ መዝጊያው ቅንፍ ድረስ ብቻ ይታወቃል፤ ይህም የስሙ ክልል ይባላል። እኔ ግን «ድምር» የሚለውን ስም ከብሎኩ ውጭ አውጄ አንድ ጊዜ ብቻ ዜሮ ስላደረግሁት፣ የአንዱ ቀሪ ለሌላው ተላለፈ።

ነገሩን በትምህርት ቤታችን እንመልከተው። «አለቃ» ብለን ስንጠራ በየክፍላችን የራሳችን የክፍል አለቃ ይመጣል እንጂ የጎረቤት ክፍል አለቃ አይመጣም። «ዲሬክተር» ስንል ግን በሁሉም ክፍል የሚታወቁት አንድ ናቸው። እንዲሁም የውስጡ ብሎክ የውጭውን ስም ያያል፤ የውጭው ግን የውስጡን አያይም።

የውስጡና የውጭው ስም አንድ ዐይነት የሆነ እንደ ሆነ፣ የውስጡ የውጭውን ይሸፍናል። አዲስ አበባ መናኸሪያ ላይ ረዳቱ «ናዝሬት! ናዝሬት!» ብሎ ሲጣራ፣ ወደ ገሊላ ሊሄድ የሚሳፈር የለም። የገሊላዋ ናዝሬት ግን በስፍራዋ አለች።

ይህን የብሎክ ሥርዐት በሰፊው ያስተዋወቀው አልጎል 60 የተባለው ቋንቋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1960 ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጡ 13 ሊቃውንት በፓሪስ ተሰብስበው አቋቋሙት። ሲ፣ ፓስካልና ሌሎችም ብዙ ቋንቋዎች ከእርሱ ወርሰዋል። ሁሉም ግን አንድ አይደሉም። በፓይተን ብሎክ የሚለየው መስመሩን ወደ ውስጥ በማስገባት ነው፤ በድግግሞሽ ውስጥ የወጣ ስምም ድግግሞሹ ካለቀ በኋላ ይኖራል፤ ክልሉን የሚወስነው ፈንክሽን ነው። ስለዚህ ቋንቋ ስንለውጥ ይህን አስቀድመን እንጠይቅ።

እኔም «ድምር»ን ለእያንዳንዱ ተማሪ በሚደገመው ብሎክ ውስጥ አውጄ በዜሮ ጀመርሁት። ማወጅ ብቻውን አይበቃም፤ በሲ ቋንቋ ዋጋ ሳይሰጠው በብሎክ ውስጥ የታወጀ ስም ምን እንደሚይዝ አይታወቅምና። በዚህ ጊዜ ፕሮግራሙ 4፣ 0፣ 2 አለ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ መኪናው ፕሮግራሙን ሲሠራ አንዳች የስሕተት ምልክት አላሳየኝም ነበር። ስሕተቱን ያገኘው ንጹሑ ልጅ ነው፤ እርሱ ዝም ቢል ኖሮ የሌላ ሰው ቀሪ በስሙ ተጽፎ ይቀር ነበር። እንግዲህ ቅንፍ ስንከፍትና ስንዘጋ፣ የሰውን ስም ከሰው ዕዳ እየለየን መሆኑን አንርሳ።